የብስክሌት ልብስ በአራት ወቅት አይከፈልም

ሰሞኑን ብስክሌት የሚነዱ ጓደኞቼ አንድ ጽሑፍ ሲቀባበሉ ከረሙ። ስለ ብስክሌተኛ የተሟላ የልብስ ቁም ሳጥን የተጻፈ ነው። ባጭሩ የሚለው ይሄን ነው፦ ለአራቱ ወቅቶች አራት ዓይነት ልብስ ይኑራችሁ። ጥጥ እርም ነው። መጀመሪያ የሚገዛው ስፖንጅ ያለው ቁምጣ ነው። ለዝናብ ውሃ የማያስገባ ውድ ጃኬት ግዙ። ልባሽ አትንኩ። ፀሐይ ሲሆን አጭር እጅጌ ልበሱ። ጥቁር ያምራል። ሴቶችም እንዲሁ።

ጸሐፊው እንደደከሙበት ያስታውቃል። ችግሩ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ፔዳል ለሚረግጥ ሰው አብዛኛው አይሆንም። ለሌላ አገር የተሰፋ ልብስ እኛ ላይ ሲለካ እጅጌው ይረዝማል። ተራ በተራ ልመልስ።

«ለአራቱ ወቅቶች አራት ዓይነት ልብስ»

አራት ወቅትማ እኛም አለን። መጸው፣ በጋ፣ ጸደይ፣ ክረምት እያልን ነው ያደግነው። ግን አዲስ አበባ ላይ የሐምሌ ቀትርና የጥር ቀትር ያን ያህል አይራራቁም። የሚራራቁት የአንዱ ቀን ንጋትና ቀትር ናቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ወደ 5 ዲግሪ የሚወርድባቸው ቀናት አሉ። በዚያው ቀን 8 ሰዓት ላይ ግን 23 ዲግሪ ይሆናል። ጠዋት 12 ሰዓት ከጀሞ የሚነሳ ሰው ጣቶቹ ፍሬን አልይዝም ይሉታል። ሲመለስ ሹራቡን ወገቡ ላይ አስሮ ላቡን እየጠረገ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለውም ብርዱ ስለሚታወቅ ነው። ክፉው ብርድ የሚመጣው ሰማዩ ጥርት ሲል ነው እንጂ ሐምሌ ላይ አይደለም።

ስለዚህ ለእኛ የሚያዋጣው መንገድ ላይ የሚወልቅ ልብስ ነው። የሚወልቅና ኪስ የሚገባ። ሦስት ነገር ይበቃል። አንደኛው ብቻውን የሚሸጠው እጅጌ ነው፤ ከብብት እስከ አንጓ የሚጠለቅ፣ ሲሞቅ ወርዶ የሚወጣ። ሁለተኛው ንፋስ የማያሳልፍ ስስ ሰደርያ፣ ሦስተኛው ደግሞ ስስ ጓንት። ሦስቱም ተጠቅልለው የማልያው የጀርባ ኪስ ይገባሉ። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስ የተባለውን የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ጃኬቱን የሚቀበለው የቡድን መኪና ነበረው። እኛ ያለን ኪስ ነው።

ከቤት ስትወጡ ትንሽ ሊበርዳችሁ ይገባል። በር ላይ ቆማችሁ ከተመቻችሁ አብዝታችሁ ለብሳችኋል ማለት ነው። ሰውነታችን ከሚያቃጥለው ጉልበት ፔዳሉ ጋ የሚደርሰው ቢበዛ ሩቡ ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። አሥር ደቂቃ ዳገት ከገፋችሁ በኋላ ያ ወፍራም ጃኬት እዳ ነው።

ዳገትን ካነሳን፣ ጽሑፉ ስለ ከፍታ አንድም ቃል የለውም። እዚህ አገር ከፍታን ሳያነሱ ስለ ልብስ ማውራት አይቻልም። በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ 3,000ን ያልፋል። ሽቅብ ሲወጡ ላብ በላብ ነው። ቁልቁል ሲወርዱ ያ ላብ ደረት ላይ ይቀዘቅዛል። እንጦጦ ማርያም አካባቢ ቆሞ፣ ዚፑን እስከ እምብርቱ ከፍቶ፣ ጋዜጣ በቁመቱ አጥፎ ደረቱ ላይ ሲያነጥፍ የምታዩት ብስክሌተኛ አእምሮው ጤነኛ ነው። ወረቀቱ ንፋሱን ይመልሳል፤ ላቡንም ይጠጣል። ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ያወጣዋል። የአውሮፓ ተወዳዳሪዎችም ተራራ ጫፍ ላይ ከተመልካች ጋዜጣ እየተቀበሉ ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል። ከዚህ የረከሰ የብርድ ልብስ እስካሁን አላየሁም።

አባይ በረሃን በብስክሌት የሚሻገሩ ደግሞ አሉ። ጎሐ ጽዮን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ድልድዩ ጋ ሲወርዱ ከ1,300 ሜትር በላይ ዝቅ ብለዋል። ጠዋት በጓንት የጀመረ ሰው ታች ሲደርስ ካኔተራውን ማውለቅ ያምረዋል። ከዚያ ወደ ደጀን ሽቅብ ነው። ይሄ የትኛው ወቅት ነው ሊባል ነው?

በነገራችን ላይ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ጥሩ አስቦ የሚያመጣው ወፍራም ታይት አለ፤ ውስጡ ፀጉራም የሆነው። ሚኒሶታ በረዶ ላይ ለሚነዳ የተሠራ ነው። አመስግናችሁ ተቀበሉት። ሌሊት ቤት ውስጥ ይለበሳል።

«ጥጥ እርም ነው»

ይሄኛው ግማሹ እውነት ነው። ጥጥ ውሃ ይይዛል፣ ቶሎ አይደርቅም። ለረጅም መንገድና ለዳገት አይሆንም። ግን ከመገናኛ ቦሌ ለሥራ የሚሄድ ሰው ሸሚዙ ጥጥ ቢሆን ምን ይሆናል? ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ደርሶ ትንሽ ይናፈሳል፣ አለቀ። ካላመነ ሌላ ሸሚዝ ቦርሳው ውስጥ አጥፎ ይያዝ። ቢሮ የሚገባ ሰው የእሽቅድምድም ልብስ ለብሶ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ልብስ የሚቀይርበት ምክንያት የለም።

ዋናው ጠላት ሸሚዙ ሳይሆን ከሥር ያለው የጥጥ ካኔተራ ነው። ስንት ሰው ደህና የብስክሌት ማልያ ገዝቶ ከሥሩ ያችኑ ካኔተራ ይለብሳል። ቁልቁለቱ ላይ ጀርባውን የምታቀዘቅዘው እሷ ናት። በእሷ ፈንታ ስስ የኳስ ማልያ ይልበስ። በየሱቁ አለ፣ ርካሽ ነው፣ ማታ ታጥቦ ጠዋት ይደርቃል። ጂንስ ግን እንኳን ለመንገድ፣ በነሐሴ ለማድረቅም ሁለት ቀን ይፈልጋል።

ጸሐፊው የረሱት ሱፍ አለ። ኢትዮጵያ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ብስክሌተኞቹን እነ ገረመው ደምቦባን ስታሰልፍ ላይክራ የሚባለው ተለጣጭ ጨርቅ ገና አልተፈለሰፈም፤ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ዘመን የብስክሌተኛ ማልያ ሱፍ ነበር። ስስ ሱፍ ረጥቦም ይሞቃል፤ ላብ ቶሎ አይሸትበትም። ውድ ነው የሚል ካለ፣ ልባሽ ጋ ስንደርስ እንነጋገራለን።

«መጀመሪያ የሚገዛው ስፖንጅ ያለው ቁምጣ ነው»

ለማን? ሃያ ደቂቃ ለሚነዳ ሰው አይደለም። ሃያ ደቂቃ ውስጥ መቀመጫው የሚያመው ሰው ችግሩ ኮርቻው ነው። ወይ ከፍታው አልተስተካከለም፣ ወይ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ብሏል፣ ወይ ከመጠን በላይ ለስላሳ ነው። ይሄን ለማስተካከል አንድ ቁልፍ ይበቃል።

ከአንድ ሰዓት በላይ፣ ወደ ሱሉልታ ወይም ወደ ቢሾፍቱ ለሚወጣ ግን ስፖንጁ ዋጋ አለው። እዚህ ላይ እስማማለሁ። ነገር ግን ጽሑፉ «ወፍራሙን ምረጡ» ይላል፤ ይሄ ስህተት ነው። ወፍራም ስፖንጅ ይንሸራተታል፣ ይታጠፋል፣ ላብ ጠጥቶ ይከብዳል። ጠበቅ ብሎ የሚቀመጥ፣ መሀሉ ላይ ስፌት የሌለው ይሻላል። ከሥሩ ሙታንታ አይለበስም። ይሄን ሲሰሙ የሚደነግጡ አሉ፤ የሚፍቀው ግን የሙታንታው ስፌት ነው። በጠባብ ታይት ካዛንቺስ መሀል መግባት የሚከብደው ሰው ከላይ ሰፋ ያለ ተራ ቁምጣ ይደርብበት። ማንም አያውቅም።

ሌላው፣ ቁምጣው በለበሱት ቁጥር መታጠብ አለበት። አለበለዚያ ብጉንጅ ነው ትርፉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ ቁምጣ ብቻ መያዝ አይሠራም። ሁለት መካከለኛ ቁምጣ ከአንድ ውድ ቁምጣ ይበልጣል። ማለስለሻ አትጨምሩበት፤ ጨርቁ ላብ ማሳለፉን ያበላሽበታል። ገልብጣችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ጽሑፉ ዕቃ የሚያደርሱትን ልጆች አለማንሳቱ ነው። ከተማው ውስጥ ከማንም በላይ ኮርቻ ላይ የሚውሉት እነሱ ናቸው። በጂንስና በሸራ ጫማ ቀኑን ሙሉ ይነዳሉ። የስፖንጅ ቁምጣ ከእሁድ ብስክሌተኛ ይልቅ የሚገባው ለእነሱ ነው። ሥራ የሚሰጣቸው ድርጅት ማልያ ላይ ስሙን ከማተሙ በፊት ይሄን ቢያስብ ምን ነበረበት።

«ውሃ የማያስገባ ውድ ጃኬት ግዙ»

ሐምሌ ላይ ዝናቡ እንዴት እንደሚመጣ እናውቃለን። ጠዋት ፀሐይ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በእንጦጦ በኩል ይጠቁራል። ከዚያ በአንዴ ይዘረግፈዋል፤ አንዳንዴ ከነበረዶው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ቶሎ ያባራል። እንዲህ ላለው ዝናብ የመጀመሪያው መሣሪያ የሱቅ በረንዳ ነው። በረዶ እየወረደ ለመንዳት የሚያስገድድ ቀጠሮ የለም። የዘገየ ሁሉ «ዝናብ ይዞኝ ነው» ይላል፤ ይታመናልም።

ጃኬቱን በተመለከተ፣ ውሃ አያስገባም ላብ ያስወጣል የሚባለው ነገር ልክ አለው። ጨርቁ ላብን የሚያሳልፈው ውጪው እስካልራሰ ድረስ ነው። ዝናቡ ከላይ መንከባለሉን ትቶ ጨርቁ ውስጥ መስረግ ሲጀምር ጃኬቱ ይዘጋል። ከቄራ ወደ ሜክሲኮ ሽቅብ እየገፋችሁ ከሆነ ከውስጥ በላብ ትርሳላችሁ። ያን ሁሉ ብር ከፍሎ በራስ ላብ መርጠብ ያናድዳል። ሰፋ ያለ፣ ብብቱ ላይ መተንፈሻ ያለው፣ ከኋላ ረዘም ብሎ መቀመጫን የሚሸፍን ርካሽ የዝናብ ልብስ ይበቃል። ተጠቅልሎ ቦርሳ የሚገባ ይሁን። ቦርሳ የማይገባው ጃኬት ዝናቡ የመጣ ቀን ቤት ነው የሚገኘው።

የሞተረኞችን ወፍራም የላስቲክ ካፖርት የሚለብሱ አሉ። ሞተረኛ ፔዳል አይረግጥም። ያንን ለብሶ ብስክሌት መንዳት ራስን መቀቀል ነው።

አሁን ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው ነገር፦ በአዲስ አበባ ክረምት ብስክሌተኛን የሚያበሰብሰው የሰማዩ ውሃ ብቻ አይደለም። የመንገዱም ነው። የኋላ ጎማው ጭቃውን አንስቶ ከወገብ እስከ ማጅራት አንድ መስመር ይስልባችኋል። የፊተኛው ጫማችሁን ይሞላል። ይሄን የሚያቆመው ጃኬት ሳይሆን ፓራፋንጎ ነው። ለሁለቱም ጎማ፣ ረዘም ያለ። ለጃኬት የተመደበው ገንዘብ ግማሹ እዚህ ላይ ይዋል። ፓራፋንጎ የሌለው ብስክሌት ላይ የትኛውም ልብስ አያድንም።

እግር ላይ ደግሞ የሸራ ጫማ ከረጠበ ሦስት ቀን ይሸታል። ኮንጎ ጫማ ውሃው ይገባል፣ ውሃው ይወጣል፤ ለአጭር መንገድ አይናቅም፤ ፔዳል ላይ ግን ያንሸራትታል። ያለኝ ጫማ ይሄው ነው የሚል ሰው፣ በካልሲውና በጫማው መካከል ፌስታል ያድርግ። ፌስታል ታገደ ቢባልም ከየቤቱ መሳቢያ ገና አላለቀም። የሱሪው የቀኝ እግር ደግሞ ከካቴናው ጎን ስለሆነ ካልሲ ውስጥ ይግባ ወይም በላስቲክ ይታሰር። ግራሶ ከነካው አይለቅም።

«ልባሽ አትንኩ»

ጸሐፊው ልባሽን በአንድ መስመር ነው የዘጉት። ንጽሕና የለውም፣ ልክ አይገኝም፣ ብለው። አዲስ አበባ ውስጥ ደህና የብስክሌት ልብስ በሰው አቅም የሚገኝበት ቦታ ቢኖር ግን የልባሽ ክምር ነው። አገር ውስጥ እንዴት እንደሚገባ የሕግ ሰዎች ይነጋገሩበት። እኔ የማወራው መሬት ላይ ተዘርግቶ ስላለው ነው።

ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ የያዘውን አያውቀውም። ከኋላ ሦስት ኪስ ያለውን ማልያ ከኳስ ማልያ ጋር ቀላቅሎ ይሸጠዋል። ስለዚህ ዓይናችሁን ኪሱ ላይ ጣሉ። አንዱን ጎትታችሁ ልቀቁት፤ ላስቲኩ ካልተመለሰ ስልክ አይዝም፣ ጉድጓድ ላይ ይወድቃል። ከታች ወገቡ ላይ ሲሊኮን የተቀባ ጠርዝ ካለው የተሠራው ለብስክሌት ነው። ዚፑን ሁለቴ ከፍታችሁ ዝጉ። ጨርቁን ለሁለት ወጥራችሁ ወደ ብርሃን አንሱት፤ ነጭ ነጭ ክሮች ብቅ ካሉ ላይክራው ሞቷል፣ ተዉት። የሱፍ ሹራብ ከሆነ አንገቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ሜሪኖ (ስስና ምርጥ የበግ ሱፍ ነው) የሚል ካገኛችሁ ፊታችሁ ላይ ደስታ አይታይ። ዋጋው እዚያው ይጨምራል። ብልና ቀዳዳ ካለው ወደ ብርሃኑ ስታነሱት ይታያችኋል።

ቤት ስትደርሱ በፈላ ውሃ መቀቀል የለመድን ነን። ሱፍና ላይክራ ላይ ይሄን አታድርጉ፤ ሱፉ ለሕፃን ይሆናል። ለብ ባለ ውሃ በሳሙና ዘፍዝፋችሁ፣ አጥባችሁ፣ አየር ላይ አቆዩት።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ስፖንጅ ያለው ቁምጣ ከልባሽ አይገዛም። ለንጽሕናው ብቻ አይደለም፤ ስፖንጁ በሌላ ሰው መቀመጫ ልክ ተጨፍልቆ አልቋል።

«ፀሐይ ሲሆን አጭር እጅጌ»

አይሆንም። ከፍታ ላይ ነን። በየ1,000 ሜትሩ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በዚያ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል መቃጠላችሁ የሚታወቃችሁ ማታ ነው። ስስ፣ ነጣ ያለ፣ ረጅም እጅጌ ይሻላል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ የሚነዱ ሰዎች ይሄን ያውቁታል፤ ሙቀት ነው ብሎ ክንዱን የሚያጋልጥ አዋቂ እዚያ ብዙም አታዩም።

«ጥቁር ያምራል፣ ከሁሉም ጋር ይሄዳል»

ያምራል። ማታ ግን አይታይም። እኛ ጋ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ይጨልማል። ከሥራ ወጥቶ ትንሽ የቆየ ሰው በጨለማ ነው የሚመለሰው። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የብስክሌት መንገዶች መብራት አላቸው። ከእነሱ ወጥታችሁ ወደ ሰፈር ስትታጠፉ ግን የላችሁም። ያ መታጠፊያ ላይ ሚኒባስ ሹፌር ዓይን ውስጥ መግባት አለባችሁ።

የቀን ሠራተኞች የሚለብሱት ቢጫ አንጸባራቂ ሰደርያ ርካሽ ነው፤ ሥራውንም ይሠራል። ከዚያ የሚበልጠው ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር አንጸባራቂ ነው። እግር ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ሹፌሩ ወዲያው «ሰው ነው» ይላል። ደረት ላይ ያለው ግን ምልክት ሰሌዳም ሊመስለው ይችላል። ለከባድ መኪና የሚለጠፈውን ቴፕ ቆርጦ ጫማ ተረከዝ ላይ መለጠፍም ይቻላል። አንጸባራቂ ግን የሚያበራው የመኪና መብራት ሲያርፍበት ነው፤ ስለዚህ የኋላ ቀይ መብራት አይቀርም።

«ሴቶችም እንዲሁ»

ሁለት ቃል። ያን ሁሉ ገጽ የጻፉ ሰው እዚህ ሲደርሱ ቀለማቸው ያለቀባቸው ይመስላል። እንዲሁ አይደለም። የብዙ ሴቶች የመቀመጫ አጥንት ከወንድ ይልቅ ይራራቃል፤ ስለዚህ የወንድ ቁምጣ ስፖንጁ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው። በማንገቻ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ቁምጣ ለወንድ ምቹ ነው፤ ለሴት ግን ሱሉልታ መንገድ ላይ ሽንት ቢመጣ ማልያውን ጨምሮ ሁሉም መውለቅ አለበት። ወገቡ ላይ የሚቀር ቁምጣ ይሻላታል። የጥጥ ጡት መያዣ ደግሞ ከካኔተራው የባሰ ነው፤ ላብ ይዞ ደረት ላይ ይቀዘቅዛል።

ቀሚስ መልበስ የምትፈልግ ትልበስ። ከሥር ታይት፣ ከኋላ ጎማው ላይ ደግሞ ጨርቅ እንዳይገባ የሚከልል መረብ ያስፈልጋታል። ነጠላ ከኋላ ከተለቀቀ አደገኛ ነው፤ ጫፉ ጎማው ውስጥ ከገባ አንገት ነው የሚጎትተው። ወይ ጃኬት ሥር ይግባ ወይ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። ሒጃብ ለሚለብሱ ስፖርት ላይ የሚለበሰው ስስና ጠባቡ ከሄልሜት ሥር ችግር የለውም፤ ስፒሉ ብቻ ከሄልሜቱ ማሰሪያ መንገድ ይራቅ።

ሄልሜት ሲገዛም ከኋላ በሚሽከረከር ማጥበቂያ የሚሰፋና የሚጠብ ይመረጥ። ከዚያ ጸጉር ተሠርተሽ ሂጂና ለኪው። ጸጉር ተበትኖ ልክ የሆነ ሄልሜት ሹሩባ ላይ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ግንባርን አይሸፍንም። ሻጩ «ይሰፋል» ቢልሽ አትስሚው።